የዝነኞችን ሕይወት በሚተርኩ ፊልሞች ሚስት ለምን በር ላይ ቆማ ትቀራለች?

የቱሉ ዲምቱ ፊልም ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ2022 ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ስለ ኤልቪስ ፕሪስሊ አንድ ትልቅ ፊልም ወጣ፤ በዓመቱ ደግሞ ስለ ሚስቱ ስለ ፕሪሲላ ሌላ ፊልም መጣ። ባልና ሚስቱ እነዚያው ናቸው፤ ቤቱም ያው ግሬስላንድ ነው። ሁለቱን አከታትሎ ያየ ሰው ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ትዳር ነው ብሎ ለማመን ይቸገራል። በፊተኛው ዋናው ጠብ በዘፋኙና በሥራ አስኪያጁ በኮሎኔል ፓርከር መካከል ነው። ሚስትየዋ ከመድረክ በታች ሆና ታየዋለች፣ ከተለያዩም በኋላ "ታከም" ብላ ትለምነዋለች፣ ታሪኩ እሷን ትቶ ይቀጥላል። በሁለተኛው ግን ገና የ14 ዓመት ልጅ ሆና ጀርመን አገር ከ24 ዓመት ዝነኛ ወታደር ጋር የተገናኘች፣ ከዚያ በኋላ የፀጉሯን ቀለምና የቀሚሷን ዓይነት ሳይቀር እሱ የሚመርጥላት ልጅ ናት። ባልየው ፊልም ሊሠራ ሆሊውድ ሲሄድ ካሜራው አይከተለውም፤ ከእሷ ጋር ቤት ይቀራል።

ሁለተኛውን የሠራችው ሶፊያ ኮፖላ የተነሣችው ፕሪሲላ ራሷ በ1985 ካሳተመችው መጽሐፍ ነው። የኤልቪስን ስምና ሙዚቃ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ዘፈኖቹን አልፈቀዱላትም። ስለዚህ ፊልሙ አንድም የኤልቪስ ቅጂ ሳይሰማበት ያልቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። የዘፈኑ መብት በማን እጅ እንዳለ ካወቅን፣ ትዳሩ በማን ዓይን እንደሚታይ ከወዲሁ መገመት እንችላለን። ዘፈን የሌለበትን የዘፋኝ ፊልም ገንዘብ አውጥቶ የሚሠራ ጥቂት ነው። ዘፈኑን ለማግኘት ወራሾቹ መስማማት አለባቸው። ወራሾቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዋ ሚስትና ልጆቿ ናቸው። የፊተኛዋን ሚስት በዚያ ድርድር የሚጠራት የለም።

ስለ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ የተሠራውን "ዎክ ዘ ላይን" (2005) ተመልከቱ። ከኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ የካሽና የሁለተኛ ሚስቱ የጁን ካርተር ልጅ ነው። ፊልሙ ያምራል፤ ሪስ ዊዘርስፑን ጁንን ሆና ተጫውታ ኦስካር ወስዳበታለች። የመጀመሪያ ሚስቱ ቪቪያን ሊበርቶስ? ባሏ ሲዘፍን ፊቷ የማይፈታ፣ ለሥራው እንቅፋት የሆነች ሴት ናት። ካሽ በአየር ኃይል ወታደርነት ጀርመን ሳለ ለዓመታት በደብዳቤ ያፈቀራት፣ በ1954 ያገባት፣ አራት ሴት ልጆች የወለደችለት ግን እሷ ናት። ፊልሙ ከመታየቱ ጥቂት ወራት ቀድማ ዐረፈች። የራሷ መጽሐፍ የወጣው በ2007 ነው፤ ያን ጊዜ ተመልካቹ ፈርዶ ከአዳራሹ ወጥቷል።

ሌላው ነገር ፊልሙ የት ላይ እንደሚያቆም ነው። "ሬይ" (2004) ሬይ ቻርልስ ሚስቱን ዴላ ቢን ሲበድላት በግልጽ ያሳያል፤ ሄሮይኑንም ሌሎቹን ሴቶችም አይደብቅም። ይህን አልክድም። ነገር ግን ታሪኩ 1960ዎቹ ላይ ሲደርስ ይዘልና በ1979 የጆርጂያ ግዛት ዘፈኑን ኦፊሴላዊ መዝሙሩ ሲያደርግለት ይጠናቀቃል፤ ዴላም ከልጆቿ ጋር እዚያው አለች፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ሁለቱ የተፋቱት በ1977 ነው! ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ጋብቻ ለምን እንደ ፈረሰ ተዘሎ፣ "ታገሠች፣ ለወግ በቃች" የሚል ምስል ብቻ ይቀርልናል። "ቻይው" እየተባሉ የኖሩ እናቶች ያሉን ሰዎች ያን ምስል ዝም ብለን መቀበል የለብንም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ኮዬ ፈጬ

ወንድሜ፣ ግማሹን እቀበልሃለሁ፤ ግማሹን ግን አልቀበልህም። ፊልም ሠሪው በእጁ ያለው ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። የአንድን ሰው ልጅነት፣ ሥራውን፣ ሱሱን፣ ሁለት ትዳሩን እኩል ልመዝን ካለ አንዱም ነፍስ አይዘራም።

ደግሞ በዚያው ፊልም ጁን ካርተር የቀረበችበትን መንገድ አትርሳ። ያገባ ሰው የነጠቀች ሴት ብቻ ተደርጋ አልቀረበችም። ሱቅ ውስጥ ዕቃ ስትገዛ አንዲት የማታውቃት ሴት ስለ ፍቺዋ ፊት ለፊት የምትዘልፋት ትዕይንት አለ። እናቴ አጠገቤ ሆና እያየች ነበር፤ "እኔንም እንዲህ ነው ያሉኝ" አለችኝና ዝም አለች። እናቴ ስለ ፍቺዋ ለእኔ ተናግራ አታውቅም። አንድ ፊልም የተፋታችን ሴት እንደዚያ ካከበረ፣ ለቪቪያን ያልሆነውን ለጁን ሆኖላታል እላለሁ።

የቱሉ ዲምቱ ፊልም ወዳጅ

@ኮዬ ፈጬ እናትህን እግዜር ያክብርልን። ያን ትዕይንት እኔም እወደዋለሁ። ግን ጊዜ አልበቃም የሚለውን አልቀበልም፤ ምክንያቴን ልንገርህ።

በ1965 ካሽ ኤል ፓሶ ላይ ክኒን ይዞ ተገኝቶ ታሰረ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ቪቪያን አብራው ነበረች፤ ፎቷቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። የጣሊያን ዘር ያላት ጠይም ሴት ናት። የነጭ ዘረኞች ቡድን ያን ፎቶ ይዞ "ካሽ ጥቁር አግብቷል" ብሎ ዘመቻ ከፈተባቸው፤ ዛቻ ይደርሳቸው ጀመር። ባሏ በሱስና በመንገድ ላይ ሳለ፣ እሷ አራት ሴት ልጆች ይዛ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ውስጥ ያን ፍርሃት ትኖረው ነበር።

ፊልሙ እስሩን ያሳያል፤ ዘመቻውና የእሷ ፍርሃት ግን የለበትም። አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር። አምስት ደቂቃ ቢሰጣት ግን ፊቷ ለምን እንደማይፈታ ተመልካቹ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ የፍቅር ታሪኩ እንደ ፊቱ አይጣፍጥም። የተተወው ለዚህ ይመስለኛል።

የኪቦርዲስት ባለቤት፣ ሰበታ

እዚህ ጽፌ አላውቅም፤ ይኼ ግን የእኔ ጉዳይ ስለሆነ ልጻፍ።

ባለቤቴ የሠርግ ባንድ ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። ስሙን የሚያውቁት ሙዚቀኞች ብቻ ናቸው። በጥር ቅዳሜና እሑድ እሱን አላየውም ማለት ይቻላል። ሠርጉ ሲያልቅ የባንዱ መኪና አየር ጤና ድረስ ያመጣዋል። ከዚያ ወዲህ ወደ ዓለም ገና የሚነሣ የመጀመሪያው ታክሲ እስኪገኝ ኪቦርዱን ታቅፎ ይጠብቃል። ሲነጋ ይገባል። ጎረቤት በር ሲከፈት ይሰማል፤ ከዚያ ምን እንደሚባል ሴቶች ታውቁታላችሁ።

ፊልሞቹን አይቻቸዋለሁ፤ ከሱቅ ፍላሽ ላይ እያስጫነ ያመጣቸዋል፣ አብረን ነው የምናየው። ሁሉም የሙዚቀኛን ትዳር ጠብ ከሌላ ሴት ጋር ያያይዙታል፦ የሆቴል ክፍል፣ የስልክ ጥሪ፣ ለቅሶ፣ የተሰበረ ብርጭቆ። የለም አልልም፤ አለ። የእኛን ቤት የሚፈትነው ግን ዐቢይ ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል፤ ጭፈራ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ሃምሳ አምስቱን ቀን እሱ ቤት ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ የለም። ሌሊት መሥራት የለመደ ሰው ቀን ቀን ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ልጆቹ አባታቸውን እንደ እንግዳ ያዩት የነበረው አሁን አዛዥ ሆኖባቸው ይከፋቸዋል። እኔም ለብቻዬ የለመድኩትን ቤት የማካፍለው እንደ አዲስ ነው። የምንጣላው ያን ጊዜ ነው፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የምንቀራረበውም ያን ጊዜ ነው። ማታ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለፋሲካ የሚለማመደውን ዘፈን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ያለውን ኪቦርድ የገዛነው በእኔ ዕቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣልኝ ለሌላ ነገር አስቤው ነበር፤ አሮጌው በሥራ መሃል እየጠፋ ሲያሳፍረው ሳይ ሰጠሁት። ሰው ሠርግ ላይ በእሱ ጣት ሲጨፍር የእኔም እጅ አለበት። ይህን የሚያሳይ ፊልም እስካሁን አላየሁም። ሚስት ወይ ታለቅሳለች ወይ ታጨበጭባለች። ሥራው ውስጥ ያላትን ድርሻ ማን ያሳያል?

ሠዓሊዋ ከሱሉልታ

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላንቺ የሚሆን አንድ ፊልም አለ፤ ግን እሱም ከመድረሻው በፊት ነው የቆመው።

"ፖሎክ" (2000) ይባላል፤ ስለ አሜሪካዊው ሠዓሊ ስለ ጃክሰን ፖሎክና ስለ ሚስቱ ስለ ሊ ክራስነር ነው። በ1945 ተጋብተው ከኒውዮርክ ወጥተው ሎንግ አይላንድ ላይ ስፕሪንግስ የሚባል ገጠር ገቡ። እኔም ከተማ ለቅቄ እዚህ የገባሁት ለሥዕል ቦታ ፍለጋ ስለሆነ የእነሱን ቤት ነገር ደጋግሜ አስበዋለሁ። ቤቱ ጎተራ ነበረው። ጎተራውን እሱ ያዘ፤ እነዚያን ቀለም እያንጠባጠበ የሠራቸውን ትላልቅ ሥዕሎች መሬት ላይ የዘረጋው እዚያ ነው። እሷ ከፎቅ ላይ ባለች መኝታ ክፍል ውስጥ ትንንሽ ሥዕል ትሠራ ነበር። እሷ እኮ እሱን ሳታገኘው በፊት የታወቀች ሠዓሊ ናት! ገዥም፣ ሐያሲም፣ ጋለሪም ያስተዋወቀችው እሷ ናት።

ማርሻ ጌይ ሃርደን ክራስነርን ሆና ኦስካር ወስዳለች፤ ይገባታልም። ግን ፊልሙ በ1956 ፖሎክ ሰክሮ መኪና እየነዳ ሲሞት ያበቃል። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ክራስነር ጎተራውን ያዘችው። እስከዚያ ድረስ ሞክራው የማታውቀውን ስፋት ያላቸው ሥዕሎች ሠራች፤ ገና 28 ዓመት በሕይወት ነበረች። ስትሞት በተወችው ኑዛዜ የተቋቋመው ፋውንዴሽን በሁለቱም ስም ይጠራል፤ በየአገሩ ላሉ ሠዓሊዎች ገንዘብ ይሰጣል።

እኔ ፊልም ሠሪ ብሆን የምጀምረው በዚያ ጎተራ ነው፤ የሞተውን ባሏን ቀለም ወለሉ ላይ እያየች የራሷን ሸራ የሰቀለችበትን የመጀመሪያ ቀን። ውይይቱን የጀመረው ሰው እንዳለው ፊልሙ የሚያቆምበት ቦታ ፍርድ ነው። የባል ሞት ላይ ካቆመ፣ ሚስትየዋም አብራው ሞታለች ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። "ቢግ አይስ" (2014) ስለ ማርጋሬት ኪን ነው፤ ባሏ ሥዕሎቿን የራሱ ነው እያለ ለዓመታት ሸጠ። በ1986 ሆኖሉሉ ፍርድ ቤት ዳኛው ፊት ሁለቱም ሥሉ ሲባሉ እሱ ትከሻዬን አሞኛል አለ፤ እሷ በ53 ደቂቃ ሠርታ ጨረሰች። ይህን ፊልም ሳይ ያንቺ ዕቁብ ነው የሚታየኝ፤ ስምሽ ያልተጻፈበት ሥራ።

መምህር ከቡራዩ

ልጆቼ፣ ውይይቱ ደስ ይላል። እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ሪታ ማርሊ ልናገር፤ እሷ ለእኛ ቅርብ ናት።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ቦብ ማርሊ 60 ዓመት የሚሞላበት ኮንሰርት ላይ ነበርኩ። ያን ሁሉ ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ የሰበሰበችው ሚስቱ ናት። ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ 13 ቀን ጃንሆይ ጃማይካ ሲገቡ መንገድ ዳር ቆማ ያየቻቸው ሪታ ናት። ከቦብ ጋር ከተጋቡ ሦስት ወር እንኳ አልሞላቸውም፤ እሱ ግን እናቱ ዘንድ አሜሪካ፣ ደላዌር ነበር። ጃንሆይ እጃቸውን ሲያውለበልቡ መዳፋቸው ላይ የችንካር ምልክት አየሁ ብላ የመሰከረችውም ለቦብ የነገረችውም እሷ ናት። ዓለም በሙሉ በእሱ ዘፈን ስለ ኢትዮጵያ ሲሰማ፣ ከዚያ በስተጀርባ ይህች ሴት አለች።

አሁን በፈረንጅ 2024 ስለ ቦብ ወደ ወጣው ፊልም ስመጣ፣ የውይይቱ ጀማሪ ሐሳብ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። እዚህ ወራሾቹ ሚስትና ልጆች ናቸው፤ ሪታ፣ ዚጊና ሴዴላ ከፕሮዲዩሰሮቹ መካከል ናቸው። በፈረንጅ 1976 ቤታቸው ላይ ጥይት ተተኩሶ ሪታ ራሷ ላይ ስትመታ እናያለን፤ ምስጋና ይድረሳቸው። ሁለቱ ሲጣሉም አንድ ኃይለኛ ትዕይንት አለ። ቦብ ከሌሎች ሴቶች ስለ ወለዳቸው ልጆች ግን ፊልሙ በጨረፍታ ነው የሚያልፈው። ሪታ በ2004 ባሳተመችው መጽሐፍ ከፊልሙ ይልቅ በብዙ ደፍራ ጽፋዋለች።

ታዲያ ተበድላ ዝም አለች እንበል? እኔ እንዲያ አልልም። ገመናን መሸፈን የተገፋ ሰው ዝምታ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ የሚወስነው ውሳኔም ነው። ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ፣ ከሌሎቹ እናቶች የተወለዱትም አንድ ቤተሰብ ሆነው አብረው ይሠራሉ። ያን ቤተሰብ ለማቆየት የከፈለችውን ዋጋ የምታውቀው እሷ ናት። የጓዳዋን በር የመዝጋት መብቷን ካልጠበቅንላት፣ የምንፈልገው እውነቱን ነው ወይስ ወሬውን?

የኪቦርዲስት ባለቤት፣ ሰበታ

ጋሽ መምህር፣ ትክክል ብለዋል። እኔም ባለቤቴን ማንም እንዲሰድብብኝ አልፈልግም። ግን አንድ ልዩነት አለው። እኔ ስዘጋው ሌላ ነው፤ እኔ ሳልጠየቅ ሌላ ሰው ሲዘጋብኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሪታ መጽሐፏን በሕይወት እያለች ጻፈች፣ ፊልሙም ላይ ስሟ አለበት። ቪቪያንን ግን ማን ጠየቃት?

የቱሉ ዲምቱ ፊልም ወዳጅ

መምህር፣ ስለ ሪታ የነገሩን ሐሳቤን አስፍቶልኛል። መብቱን መያዝ እንደ ልብ ለመናገር ብቻ ሳይሆን ላለመናገርም ነው። እህታችን እንዳለችው ግን መጠየቅ ይቀድማል።

ስለ መብት ካነሣን አይቀር፦ የፕሪሲላ ፊልም መጨረሻ ላይ መኪናዋን እየነዳች ከግሬስላንድ ስትወጣ የሚሰማው የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የዶሊ ፓርተን ዘፈን ነው። ያን ዘፈን በ1970ዎቹ ኤልቪስ ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር፤ ኮሎኔል ፓርከር ግን የሕትመት መብቱን ግማሽ ካልሰጠሽን አለ፤ እሷም እምቢ አለች። እምቢ በማለቷ ነው ዘፈኑ ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚስቱ ታሪክ ሊውል የቻለው።

ኮዬ ፈጬ

ይህን አላውቅም ነበር። ያን መጨረሻ እንደገና አየዋለሁ።

ወደ እኛ ልምጣ። የራሳችንን ዝነኞች ሕይወት በልቦለድ ፊልም መልክ የሠራንባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው። ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራው "አትሌቱ" (2009) አለ፤ እሱ ሯጭ ነው፤ ፊልሙም ይበልጥ የሚያተኩረው ከመኪናው አደጋ በኋላ ባለው ብቸኝነቱ ላይ ነው። ስለ አስናቀች ወርቁ በ2013 የወጣው ዘጋቢ ፊልም አለ። የክራር ንግሥታችንን ያህል ሰው ሕይወት በዘጋቢ ብቻ ሊያልፍ አይገባም፤ እሷን ሆና የምትጫወት ተዋናይት ማየት እናፍቃለሁ። ፍቅሯንም፣ ብቻዋን የቆመችበትንም፣ ሴት ተዋናይ መሆን በሚያስነቅፍበት ዘመን መድረክ ላይ ስትወጣ ሰው ምን ይላት እንደነበርም።

የሚያስፈራን ቤተሰብ ነው። ሟች አይወቀስም እንላለን። የዘፋኙ ልጆች ሁለት ወይ ሦስት ቤት ከሆኑ ደግሞ ማን ፈርሞ ማን ይቀራል? ስለዚህ ፊልም ጸሐፊው ገና ሳይጀምር ሚስቶቹን ያወጣቸዋል፤ የቀረው ሰው ከሰማይ የወረደ ድምፃዊ ይሆናል። ማን አበሰለለት፣ ማን ጠበቀው፣ ከማን ጋር ሆኖ ዜማውን አወጣው የሚለው ሁሉ ይጠፋል። ያን ዜማ ግን ለአንዷ ነው የዘፈነው!

እህቴ ከሰበታ፣ ልጠይቅሽ፦ አንድ ሰው መጥቶ የባለቤትሽን ሕይወት ልሥራ ቢልሽ ትፈቅጃለሽ?

የኪቦርዲስት ባለቤት፣ ሰበታ

ጽሑፉን ቀድሜ ካነበብኩት እፈቅዳለሁ። እኔን ጥሩ አድርገው እንዲያሳዩኝ አልፈልግም፤ ክፉ የሆንኩበትም ቀን አለ፣ ይግባ። የማልፈቅደው ልጆቼ እኔን ፊልም ላይ አይተው "ይቺ ማን ናት?" እንዲሉ ነው። የካሽና የቪቪያን ልጆች ምን ተሰማቸው?

የቱሉ ዲምቱ ፊልም ወዳጅ

ከልጆቹ አንዷ ካቲ እናቷ በቀረበችበት መንገድ በጣም ማዘኗን በይፋ ተናግራለች። በ2020 ደግሞ "ማይ ዳርሊንግ ቪቪያን" የሚል ዘጋቢ ፊልም ወጣ፤ ከሠሩት ሰዎች አንዱ የቪቪያን የልጅ ልጅ ነው። አራቱም ሴት ልጆች በየተራ ስለ እናታቸው ይናገራሉ፤ የቤት ውስጥ ፎቶዎች አሉበት፣ ቪቪያን ስትስቅ ይታያል። አንዳንዱን ነገር አራቱ በአንድ ዓይነት አያስታውሱትም፤ ያም ሳይስተካከል እንዳለ ቀርቧል፤ የወደድኩለትም ለዚህ ነው።

ፍላሽ ላይ አለኝ። በመጪው ቅዳሜ በብሎካችን የጋራ ቤት ውስጥ በፕሮጀክተር እናሳየዋለን። ከኮዬ ፈጬም ከገላንም መምጣት ትችላላችሁ። ከሰበታና ከቡራዩ ለምትመጡ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ታክሲ ሳይጠፋ እንድትመለሱ በ8 ሰዓት እንጀምራለን። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ሠዓሊዋ ፈቃደኛ ከሆነች እያቆምን በአማርኛ ታስረዳለች።

ሠዓሊዋ ከሱሉልታ

እመጣለሁ። የሰበታዋ እህቴ፣ ባለቤትሽንም ይዘሽው ነይ፤ ቅዳሜ ሠርግ ከሌለው።

የኪቦርዲስት ባለቤት፣ ሰበታ

ሠርግ አለው። እኔ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ።